የገና እራት በቤት ሲዘጋጅ እንዴት ይቅረብ? በሰሃን ተደልድሎ፣ በገበታ መሐል ወይስ በቡፌ

ለገና እራት እንግዳ የጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለሚበስለው ነገር ነው። ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚጠበስ፣ ስንት አጃቢ ምግብ እንደሚያስፈልግ፣ ኬኩ ቤት ይጋገር ወይስ ይገዛ እያለ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሲያወጣና ሲያወርድ ይሰነብታል። ምግቡ ከምድጃ ወጥቶ ተመጋቢው ፊት እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ ግን እንግዶች በር ላይ ከደረሱ በኋላ በጥድፊያ የሚወሰን ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ያው ጥብስ፣ ያው ድንችና ያው ሰላጣ በሦስት መንገድ ቢቀርብ ሦስት የተለያዩ ምሽቶች ይወጡታል፤ አንዱ ረጋ ያለና ሥርዓት የበዛበት፣ ሌላው እጅ ለእጅ የሚቀባበሉበት የቤተሰብ ገበታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሰሃኑን ይዞ የሚዘዋወርበት ድግስ ይሆናል።

ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አራት አቀራረቦች ናቸው፦ ምግቡ ማዕድ ቤት ውስጥ በእያንዳንዱ ሰሃን ተደልድሎ የሚመጣበት፣ በትልልቅ ሳህኖች ገበታው መሐል ተቀምጦ ሁሉም የሚያነሣበት፣ በተለየ ጠረጴዛ ላይ እንደ ቡፌ የሚደረደርበት፣ እንዲሁም እነዚህን የሚያዳብለው ቅይጥ አቀራረብ። እንግዶች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ምግብ ይዘው የሚመጡበት መዋጮ የአዘገጃጀት እንጂ የአቀራረብ ጉዳይ ስላልሆነ ለብቻው አልተቆጠረም፤ ቆየት ብሎ በአጭሩ ይነሣል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ቦታ ነው። አንድ ተመጋቢ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርሰው ክንዱ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር ሳይጋጭ መብላት ይችላል። በዚህ ስሌት ርዝመቱ 180 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ በየጎኑ ሦስት ሦስት፣ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ አንድ አንድ ሰው፣ በድምሩ ስምንት ሰው ያስቀምጣል። ይህን ብዙዎች ያሰሉታል፤ የሚረሳው የጠረጴዛው ወርድ ነው። የዋና ምግብ ሰሃን ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሰሃኖች ብቻቸውን 54 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ። ወርዱ 75 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጠረጴዛ መሐል ላይ የሚተርፈው 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰሃኖቹ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብለው ስለሚቀመጡና ብርጭቆም ቦታ ስለሚፈልግ ከዚያም ያንሳል። የጥብስ ትሪ በዚህ ክፍተት አይገባም። ወርዱ 100 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 46 ሴንቲ ሜትር ስለሚተርፍ ትሪውም፣ ሳህኖቹም፣ ሻማውም ይኖሩበታል። ስለዚህ የምግብ ዝርዝር ከመጻፍ በፊት ሜትር ይዞ ጠረጴዛውን መለካት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሁለተኛው ሙቀት ሲሆን ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው የጣዕም ጉዳይ ነው፤ የቀዘቀዘ ጥብስ ምንም ያህል ቢለፋበት የትናንት ምግብ ይመስላል። ሌላው የጤና ጉዳይ ነው፤ በምግብ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ባለው ሙቀት በፍጥነት ስለሚራቡ፣ ትኩስ የሚበላ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ካልተያዘ በቀር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። የገና እራት ጨዋታ የሚረዝምበት ማዕድ በመሆኑ ይህ ሁለት ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል።

ሦስተኛው የጋባዡ ወንበር ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማስቀድመውም ይህን ነው። በእራቱ ሰዓት ጋባዡ ስንት ደቂቃ ተቀምጦ ይበላል? ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚያመሽ ከሆነ እንግዶቹ ይሳቀቃሉ፤ አንዱ ለማገዝ ይነሣል፣ ሌላው ይከተላል፣ ገበታውም ይበተናል። የእራቱን ልዩነት ከጌጡ ይልቅ የሚያጠፋው ይህ መበተን ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ አቀራረቡ ጨዋታን ያሰባስባል ወይስ ይበትናል፣ የምግቡን መጠን ለመቆጣጠርና ብክነትን ለመቀነስ ያመቻል ወይ፣ ሥጋ የማይበሉ፣ የስንዴ፣ የወተት ወይም የለውዝ አለርጂ ያለባቸው፣ እንዲሁም ሕፃናትና አረጋውያን ቢኖሩ ለእነርሱ ይስማማል ወይ የሚሉት ይታያሉ።

በሰሃን ተደልድሎ ማቅረብ

ዓይን የሚማርከው ይህ ነው። ማዕድ ቤት ውስጥ ሥጋው ተቆርጦ፣ ድንቹ ከጎኑ ሆኖ፣ ስጎው ከላይ ፈሶ፣ ሁሉም ሰሃን አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ሲመጣ ቤቱ ለአፍታ የትልቅ ምግብ ቤት መንፈስ ይይዛል። የገበታው መሐልም ለሻማና ለአበባ ነፃ ስለሚሆን ጠባብ ጠረጴዛ ያለው ሰው ብዙ ይጠቀማል። መጠን መቆጣጠርም እንደዚህ የቀለለበት አቀራረብ የለም፤ ስድስት ሰው ካለ ስድስት ቁራጭ ይዘጋጃል፣ አለርጂ ላለበት ሰው የሚቀርበው ሰሃን ለብቻው ይሠራል።

ችግሩ ያለው ከታሪኩ ነው ማለት ይቻላል። በአውሮፓ ትልልቅ ግብዣዎች ላይ ቀደም ሲል ብዙ ዓይነት ምግብ በአንድ ጊዜ ገበታው ላይ ይደረደር ነበር፤ አንዱ ምግብ ተበልቶ ሲነሣ ሌላው የሚተካበት፣ «የሩሲያ አቀራረብ» የሚባለው አሠራር የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህ አሠራር ብዙ አስተናጋጅ ያለበትን ቤት ያሰበ ነበር። በዛሬ ቤት ውስጥ አብሳዩም፣ ደልዳዩም፣ አስተናጋጁም፣ ሰሃን አንሺውም ያው ጋባዡ ነው።

ሒሳቡን እንየው። አራት ነገር የሚቀመጥበትን ሰሃን በጥንቃቄ ማዘጋጀት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል ብንል፣ ለስድስት ሰው የመጀመሪያው ሰሃን አምስትና ስድስት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ለአሥራ ሁለት ሰው ግን ከአሥር ደቂቃ ያልፋል። አንድ ዓመት ለአሥራ አንድ ሰው በዚህ መንገድ ለማቅረብ ደፍሬ የመጨረሻውን ሰሃን ይዤ ስወጣ የመጀመሪያው ላይ ያለው ስጎ ረግቶ ቆዳ አውጥቶ ነበር፤ እንግዳውም በትሕትና ሹካውን ሳያነሣ ሲጠብቀኝ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ድንበሩን ስድስት ሰው ላይ አድርጌአለሁ። ሰሃኖቹ ሙቀት የሚችሉ ከሆነ ወደ 70 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ማሞቅ ጊዜ ይገዛል፤ ሆኖም የሚገዛው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

በገበታ መሐል ማቅረብ

እዚህ ምግቡ በትልልቅ ሳህኖች ገበታው መሐል ይቀመጥና ሰው ከጎረቤቱ እየተቀበለ ያነሣል። «እስቲ ድንቹን አቀብለኝ» የሚለው ቃል በራሱ ጨዋታ ይከፍታል፤ የማይተዋወቁ ሁለት እንግዶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የመጀመሪያው ንግግራቸው የስጎ ጎድጓዳ ሳህን ማቀባበል ይሆናል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ጋባዡም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይቀመጣል። በሦስተኛው መመዘኛ ይህን አቀራረብ የሚያህል የለም።

ሙሉው ጥብስ ገበታ ላይ የሚታይበትም ይህ አቀራረብ ነው። ትልቅ ጥብስ ከምድጃ እንደወጣ አይቆረጥም፤ በአሉሚኒየም ፎይል በስሱ ተሸፍኖ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማረፍ ይኖርበታል፤ እንዲህ ሲሆን ሲቆረጥ የሚፈሰው ጭማቂ ይቀንሳል፣ የመሐሉም ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ይህ ዕረፍት በዕቅድ ውስጥ ከገባ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ምድጃው ባዶ ስለሚሆን ድንቹና አትክልቱ በዚያው ግማሽ ሰዓት ይሞቃሉ፣ ሁሉም እኩል ይደርሳል። የዶሮ ወይም የተርኪ ጥብስ ከሆነ ከምድጃ የሚወጣበትን ሰዓት በግምት መወሰን አደገኛ ነው፤ የምግብ ቴርሞሜትር በጭኑ ወፍራም ክፍል፣ አጥንት ሳይነካ ተሰክቶ 74 ዲግሪ ማሳየት አለበት። በረዶ የሆነ ተርኪ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ለየሁለት ኪሎው አንድ ቀን ያህል በፍሪጅ ውስጥ መቅለጫ ጊዜ መያዝ እንዳለበት አይዘንጋ፤ አምስት ኪሎ የሚመዝነው ሁለት ቀን ተኩል ይፈልጋል።

ጥብሱን እንግዶች ፊት መቁረጥ ይገባል ወይ? በእኔ አስተያየት አይገባም። ሙሉውን ይዞ ወጥቶ ማሳየት፣ ሰው ካደነቀ በኋላ ወደ ማዕድ ቤት መልሶ መቁረጥና በሞቀ ሳህን ደርድሮ ማምጣት ይሻላል። ቢላ ያልለመደ እጅ መገጣጠሚያ ሲፈልግ አሥር ሰው ዝም ብሎ የሚያይበት ትዕይንት ለማንም አይጠቅምም።

የዚህ አቀራረብ ድክመት ቀደም ብሎ የተለካው የጠረጴዛ ወርድ ነው። ጠባብ ከሆነ ሻማና አበባ ይነሣሉ፣ ወይም ትልቁ ትሪ በሁለት አነስተኛ ሳህኖች ይከፈላል። ከስምንት ሰው በላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ሳህን ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ስለሚቆይ እያንዳንዱ ምግብ በሁለት ሳህን ተከፍሎ በሁለቱም ጫፍ ሊቀመጥ ይገባል። አንድ ሌላ ችግርም አለ፤ የአንዱ ምግብ ማንኪያ ወደ ሌላው መግባቱ አይቀርምና ከባድ አለርጂ ላለበት ሰው ሰሃኑን አስቀድሞ በማዕድ ቤት ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

በቡፌ ማቅረብ

ሰው ሲበዛ ምርጫው ይህ ነው። አሥራ አምስት እንግዳ ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ገበታ ማስቀመጥ ስለማይችል ምግቡን አንድ ቦታ ደርድሮ ሰው እንዲያነሣና በየወንበሩ እንዲበላ ያደርጋል። ለጋባዡም ይመቻል፤ ነገር ግን ሁለት አደጋ አለበት፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ምሽቱም የመሥሪያ ቤት ስብሰባ የምሳ ዕረፍት ሊመስል ይችላል።

ለሁለቱም መድኃኒት አለ። መጀመሪያ ስለ ሰልፉ፦ ጠረጴዛውን ከግድግዳ ሳብ አድርጎ በሁለቱም በኩል ማስነሣት የሰልፉን ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ሰሃን መነሻው ላይ ይቀመጣል፤ ሹካ፣ ቢላና ናፕኪን ግን መጨረሻው ላይ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው የያዛቸው ሰው ጭልፋ የሚይዝበት እጅ ያጣል። ሰው ሰሃኑን የሚሞላው መጀመሪያ ባገኘው ስለሆነ ሰላጣ፣ ድንችና ዳቦ ቀድመው፣ ውድ የሆነው ሥጋ በስተመጨረሻ፣ ስጎውም ከሥጋው አጠገብ ቢሆን ምግቡ ይበረክታል። መጠጥና ጣፋጭ በሌላ ጠረጴዛ፣ ከተቻለም በሌላ ማዕዘን ቢሆኑ ሰልፉ አይታጎልም።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ ግዙፍ ሳህን ከማውጣት ይልቅ በትናንሽ ሳህኖች እያወጡ መተካት ይመረጣል፤ ቀሪው በምድጃ ውስጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆያል። አዲሱን ምግብ በተረፈው ላይ መጨመር ግን አይገባም፤ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ሊሞላው ሲል ከአዲሱ ጋር ከተደባለቀ ሁሉም የአሮጌውን ዕድሜ ይይዛል።

የበዓሉን ድባብ ለማምጣት የኋለኛውን ረድፍ ሳህኖች ከፍ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይለውጣል፤ ጠንካራ ሣጥኖች ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ሲገቡ ቡፌው ደረጃ ይኖረዋል፣ ምግቡም ከሩቅ ይታያል። ሰው የሚቀመጥባቸው ትናንሽ ጠረጴዛዎችም ልብስ፣ ብርጭቆና አንድ አንድ ሻማ ቢኖራቸው እንግዳው ሰሃኑን ይዞ የሚሄድበት ቦታ የተዘጋጀለት መሆኑን ያያል። አረጋውያንን ማሰለፍ አይገባም፤ ለእያንዳንዳቸው የሚያነሣላቸው ሰው አስቀድሞ ቢነገረው ጥሩ ነው።

ቅይጥ አቀራረብ

እንግዶች ሳይቀመጡ በፊት ቀዝቃዛ መክፈቻ ምግብ በየቦታው ተደልድሎ ይጠብቃቸዋል፤ ዋናው ምግብ በገበታ መሐል ይቀርባል፤ ጣፋጩና ቡናው ደግሞ ወደ ሳሎን ተሸጋግረው ከጎን ጠረጴዛ ይነሣሉ። የመጀመሪያው ክፍል የሰሃን ድልደላን ውበት ያለ ጥድፊያ ይሰጣል፤ ምግቡ ቀዝቃዛ በመሆኑ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቢዘጋጅ አይጎዳም። መጨረሻ ላይ ሰው ከወንበሩ መነሣቱም ይጠቅማል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአንድ ሰው ጎን ብቻ የተቀመጠ እንግዳ ከሌሎቹ ጋር ለመጫወት ዕድል ያገኛል። ጉዳቱ ሰሃን መብዛቱ ነው፤ ለስምንት ሰው ቢያንስ 24 ሰሃን ይታጠባል።

ስለ ብርሃንና ስለ መዋጮ

የላዩን ነጭ መብራት አጥፍቶ 2700 ኬልቪን (በአምፖሉ ማሸጊያ ላይ የሚጻፍ የብርሃን ቀለም መለኪያ) ያህል በሆነ ሞቅ ያለ አምፖልና በሻማ መተካት በአነስተኛ ወጪ የክፍሉን መልክ ይለውጣል። ሻማው ሽታ የሌለው ይሁን፤ የቫኒላ ሽታ ከጥብስ ሽታ ጋር አይዋደድም። ቁመቱም የተቀመጡ ሰዎችን ዓይን ለዓይን መተያየት የማይከለክል መሆን አለበት። በሰሃን ሲደለደል ጌጡ ገበታው መሐል ይሆናል፤ በገበታ መሐል ሲቀርብ ጌጡ ራሱ ምግቡ ነው፤ በቡፌ ጊዜ ደግሞ ጌጡን ቡፌው ላይ ማዋል ይሻላል።

መዋጮን የመረጠ ሰው «የፈለጋችሁትን አምጡ» ብሎ መተው የለበትም፤ አራት ሰላጣ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ዓይነቱ ተለይቶ ይነገረዋል፤ ከሩቅ ለሚመጣ ቀዝቃዛ ምግብ ወይም ጣፋጭ ይሰጠዋል፤ የጋባዡን ምድጃ የሚፈልግ ምግብ ከአንድ አይበልጥም፤ በውስጡ ያለው ነገርም ለአለርጂ ሲባል በትንሽ ወረቀት ይጻፋል። ለመዋጮ የሚስማማው አቀራረብ ቡፌ ነው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | በሰሃን ተደልድሎ | በገበታ መሐል | ቡፌ | ቅይጥ |
|---|---|---|---|---|
| የሚስማማው የሰው ቁጥር | ከ2 እስከ 6 | ከ4 እስከ 10 | ከ10 በላይ | ከ6 እስከ 10 |
| የሚፈልገው ቦታ | ጠባብ ጠረጴዛም ይበቃል | ወርዱ ወደ 100 ሴ.ሜ. የሆነ ጠረጴዛ | ተጨማሪ ጠረጴዛና መተላለፊያ | ሰፊ ጠረጴዛና ሳሎን |
| ሙቀት መጠበቅ | ለጥቂት ሰው ጥሩ፣ ለብዙ ደካማ | ጥሩ | ያለማቋረጥ ክትትል ይፈልጋል | ጥሩ |
| የጋባዡ መቀመጥ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ጨዋታ ማሰባሰብ | መካከለኛ | ከፍተኛ | የተበታተነ ግን ነፃ | ከፍተኛ |
| መጠንና ብክነት መቆጣጠር | በጣም ቀላል | መካከለኛ | አስቸጋሪ | መካከለኛ |
| ልዩ አመጋገብ | በጣም ምቹ | ጥንቃቄ ይሻል | ጽሑፍ ይፈልጋል | ምቹ |
| የሚታጠብ ዕቃ | ጥቂት | መካከለኛ | ብዙ | በጣም ብዙ |

ለማን የትኛው ይሻላል?

ባልና ሚስት ብቻ፣ ወይም ከአራት የማይበልጡ ሰዎች ከሆኑ በሰሃን መደልደል ይመረጣል፤ ለሁለት ሰው ገበታውን በትልልቅ ሳህን መሙላት ትርፉ ለሦስት ቀን የሚበላ ምግብ ነው። ብቻውን የሚያበስልና ከስድስት እስከ አሥር ሰው የጠራ ጋባዥ ግን ሳያመነታ በገበታ መሐል ያቅርብ፤ ከጎኑ አንድ የሚያግዘው ካለ ቅይጡን መሞከር ይችላል። ሕፃናት የበዙበት ቤት ከሆነ የእነርሱ ሰሃን ከአዋቂዎቹ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ተደልድሎ ይሰጣቸው፤ ወላጆቻቸው ትኩስ ምግብ የሚበሉት ያኔ ብቻ ነው።

በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው የሚገዛውን መጠን በትክክል ማስላት ይጠቅመዋል። አጥንት ያለበት ሙሉ ዶሮ ወይም ተርኪ ከሆነ ሳይበስል ለአንድ ሰው ከ500 እስከ 600 ግራም፣ አጥንት የሌለው ሥጋ ከሆነ ከ200 እስከ 250 ግራም ይበቃል። ትኩስ ሾርባ ቀድሞ ቀርቦ፣ ሥጋው በቀጭኑ ተቆርጦ ድንቹ ላይ ደረብ ደረብ ብሎ በሰሃን ሲደለደል ከመጠኑ በላይ የሞላ ይመስላል፤ ቡፌ ግን ሁሉም ሳህን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መታየት ስላለበት ለዚህ በጀት አይሆንም። ገንዘብ ተርፎት ሦስተኛ ዓይነት ሥጋ ለመጨመር የሚያስብ ሰው ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ለሦስት ሰዓት የሚያግዝ ሰው ቢከፍልበት ይሻላል፤ ያኔ በሰሃን መደልደሉ እስከ አሥር ሰው ሊዘልቅ ይችላል።

የምግብ ጠረጴዛ ጭራሽ የሌለው ሰው ምርጫው ቡፌ ብቻ ነው፤ የምግብ ዝርዝሩ ግን ከዚያ ተነሥቶ ይውጣ። ሰሃኑን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚበላ እንግዳ ቢላ መጠቀም ስለማይችል ሥጋው በሹካ ብቻ የሚቆረስ እስኪሆን በዝግታ የበሰለ ወይም አስቀድሞ የተከተፈ ይሁን፤ ስጎው ወፈር ይበል፤ ዝርግ ሰሃን ቀርቶም ጠርዝ ያለው ጎድጓዳ ሳህን ይሰጠው፤ ለብርጭቆው ደግሞ ክንዱን ዘርግቶ የሚደርስበት በርጩማ ወይም የወንበር ጫፍ አስቀድሞ ይዘጋጅለት።